ሕመምተኛው በሆስፒታል ለምን ይቆያል?

የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ቀን ቤተ ክርስቲያናችን 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን በሽተኛ ታስባለች። ጌታችን መዳን መፈለጉን በጠየቀው ጊዜ፥ በሽተኛው ስለ ደዌው ጽናት አልተናገረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነገረው እንጂ። ይህን መልስ በየዓመቱ እንሰማዋለን፤ ዳሩ ግን ዛሬ በሆስፒታል ተኝተው ስለሚቆዩት ሕሙማን ምን እንደሚያስተምረን አናስተውልም።

ከገበዝ ማርያም ወይም ከቡሬ ገጠር አንድ ሕመምተኛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሄዶ ወራት ቢፈጅ፥ በመንደሩ ሁለት ነገር ይነገራል። አንዱ ሐኪሞቹን ይነቅፋል፤ ሌላው ኃጢአቱ ነው የያዘው ይላል። ሁለቱም ፍርድ የችኰላ ነው።

በመጀመሪያ ከደዌው ጠባይ የሚመጣ መዘግየት አለ። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ጎልማሳ ያለ ቀዶ ሕክምና በክብደት እየተሳበ ሲታከም፥ አጥንቱ እስኪጋጠም ድረስ እስከ 12 ሳምንት ሊተኛ ይችላል። ይህ በማማረር አያጥርም። ሁለተኛም ከቤታችን ይዘነው የምንሄደው መዘግየት አለ። ወጌሻ ከመጠን በላይ አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ ሲበሰብስ፥ ይድን የነበረው ስብራት እግርን እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል።

ሦስተኛው መዘግየት ግን ሰው ከማጣት የሚመጣ ነው። መነሣት የማይችል ሕመምተኛ በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባውና ዳሌው ይቈስላል፤ በአንድ ደዌ የገባው በሌላ ቍስል ይቆያል። በአገራችን ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አስታማሚው ነው። አስታማሚውም ክረምት ሲገባ እርሻው ይጠራዋል።

ከዚህም የሚብሰው ድኖ መመለሻ ማጣት ነው። በአዲስ አበባ፥ በቀድሞው የልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ሥፍራ በ1958 ዓ.ም. በተቋቋመው በአለርት አካባቢ፥ ለሥጋ ደዌ ሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች በዚያው ኑሯቸውን መሥርተው ቀርተዋል። ዛሬ መድኃኒቱ ደዌውን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይፈውሰዋል፤ የዘመድን ልብ ግን የሚፈውስ መድኃኒት በሆስፒታል አይገኝም።

ጌታችን መጻጉዕን ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆት የለምን? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያስጠነቀቀው ካዳነው በኋላ ነው። ደግሞም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፥ ደዌው በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት እንዳልመጣ አስረድቷል። እንግዲህ ሁሉን የሚያውቅ እርሱ አስቀድሞ ካዳነ፥ የማናውቀው እኛ አስቀድመን እንፈርዳለንን?

ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ወዲያው ይሰበሰባል፤ ያው ሰው 2 ወር ሲተኛ ግን ጠያቂው ከቀን ወደ ቀን ይሳሳል። እኛም ካህናት ለፍትሐት የምንፈጥነውን ያህል ለጥየቃ አልፈጠንንም። ስለዚህ የየአጥቢያው ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር፥ አንዱ ሲያስታምም ሌላው በወንፈል እርሻውን እንዲያርስለት ተራ ቢያወጣ፥ የዳነውንም ወደ ቤቱ የሚመልሰው ሰው ቢመድብ፥ ብዙ አልጋ ይለቀቅ ነበር። በመጨረሻው ቀን የምንጠየቀው ሕመምተኛው ለምን እንደ ቆየ ሳይሆን፥ በቆየበት ጊዜ መጠየቅ አለመጠየቃችንን ነውና። ለዚህ እግዚአብሔር ይርዳን።