የወፈረ ልብና የክፋት ባሕርይ

ክፋት ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ ያነሡ የጥንት ሊቃውንት፣ ቅዱስ ባስልዮስም ሆነ አውግስጢኖስ፣ መልሳቸው ተቀራራቢ ነው፤ ክፋት የራሱ ባሕርይ የለውም፤ በጎ ሆኖ በተፈጠረው ላይ የሚደርስ ጉድለት ነው። ዕውርነት የማየት ኃይል መጥፋት፣ ሕመምም የጤና መታጣት እንጂ ለብቻው የቆመ ፍጥረት አይደለም። ይህን ትምህርት እውነት ነው ብዬ እቀበላለሁ። ነገር ግን በቀላል ምሳሌ የተደገፈ ትምህርት በከባዱም መፈተን አለበት፤ ለዚህም የልብ ጡንቻ ያለልክ መወፈርን የሚያህል ፈተና አላውቅም። እዚህ ጎደለ የሚባል ነገር ለዓይን አይታይም። ጡንቻው ወፍሯል፣ ክብደቱ ጨምሯል፣ ሕዋሱ የሚሠራው ፕሮቲን በዝቷል። ትርፍ እንዴት ጉድለት ይባላል?

መልሱን ልብ ከሚያድግበት መንገድ መፈለግ ይገባል። የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ከልደት በኋላ እምብዛም አይባዙም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች ወደ አየር የለቀቁትን ካርቦን 14 እንደ ዕድሜ መለኪያ ተጠቅሞ፣ በ25 ዓመት ሰው ልብ ውስጥ በዓመት የሚተካው ሕዋስ 1 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ሸክም ሲበዛበት ያሉት ሕዋሳት ራሳቸው ይገዝፋሉ። የደም ግፊት ሲጸና የሚኮማተሩት ጥቃቅን ክሮች ጎን ለጎን እየተደረደሩ ግድግዳውን ያወፍሩታል። ቫልቭ በደንብ ባለመዘጋቱ ደም ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ (የሩማቲክ ትኩሳት በልጅነታቸው የጎዳቸው ብዙ የአገራችን ወጣቶች የሚደርስባቸው ይህ ነው) ክሮቹ ጫፍ ለጫፍ ይቀጣጠላሉ፤ የልቡ ክፍልም ይሰፋል።

ማደግ በራሱ ግን በሽታ አይደለም። የሯጭ ልብ ይወፍራል፤ የነፍሰ ጡር ሴት ልብም እንዲሁ፣ ከወሊድ በኋላም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የበርማ ዘንዶ ትልቅ አደን ከዋጠ በኋላ የልቡ ጡንቻ በ48 ሰዓት ውስጥ 40 በመቶ ያህል ጨምሮ፣ ምግቡ ሲፈጭ መልሶ ይቀንሳል። በሯጩና በነፍሰ ጡሯ ልብ ጡንቻው ሲያድግ የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮችም አብረው ይሄዳሉ። በታመመው ልብ ግን አንጂዮቴንሲን የተባለው ሆርሞንና የጭንቀት ሆርሞኖች ያለማቋረጥ ይጎተጉቱታል፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኤንዛይም ያነቃዋል፤ እሱም በጽንስነት ዘመን ሠርተው የተኙ ጂኖች ዳግም እንዲነቁ መንገድ ይከፍታል። ጡንቻው ይቀድማል፣ የደም ሥሩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በሕዋሳቱ መካከል ጠባሳ ይበቅላል፣ ግድግዳው ይደርቃል። ጉድለቱ እንግዲህ ይህ ነው፤ የጎደለው ሥጋ ሳይሆን መመጣጠን ነው። ከውጭ የገባ ባዕድ ኃይልም የለም። ካልሲየሙ በየትርታው ልብን የሚያኮማትረው ያው ካልሲየም ነው፤ ጂኖቹም በእናት ማኅፀን ልብን የሠሩት ናቸው።

አንዳንድ አማኝ እዚህ ላይ ፈጥኖ ሊደሰት ይችላል። ግድግዳው ሲወፍር በእያንዳንዱ ክር ላይ የሚያርፈው ውጥረት ይቀንሳልና፣ መወፈሩ ራሱ የፈጣሪ ጥበብ የሰጠው መከላከያ ነው ይላል። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያስቡ ነበር። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ ልባቸው እንዳይወፍር በጂን ለውጥ የተከለከሉ አይጦች የደም ቧንቧቸው ጠብቦ ግፊት ሲጫንባቸው፣ ውጥረቱ ከፍ ቢልም የልባቸው አቅም ከወፈሩት የተሻለ ሆኖ ቆየ። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1990 የግራ ልባቸው የከበደ ሰዎች ይበልጥ ለሞት እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ስለዚህ በጎ ተፈጥሮ ማለት የማይሳሳት ተፈጥሮ ማለት አይደለም። ሰውነት የሚያደርገውን ሁሉ ጥበብ ብሎ ማወደስ ክፋትን በሌላ ስም መጥራት ይሆናል፤ ሊቃውንቱም ይህን አላስተማሩም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ምንም ሸክም ሳይኖር የሚወፍር ልብ አለ። ከ500 ሰው አንዱ ገደማ ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ማዮሲን የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ስሕተት አንዱ መንሥኤው ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ የሚመስል ወጣት በሩጫ ላይ እያለ በድንገት ሊሞትበት ይችላል። ይህም ቢሆን የመልካም ጂን መበላሸት ነው፤ ያለ መልካሙ ጂን ብልሽቱ ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ይህን ለወጣቱ እናት መንገር ማጽናኛ አይሆንም፤ ሊሆንም አይገባም። ትምህርቱ ክፋት ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ለምን በዚህ ልጅ ላይ እንደደረሰ አይናገርም። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚያደባልቅ ሰው በሐዘንተኛ ላይ ይጨክናል።

ትምህርቱ ግን አንድ ከባድ ጉዳይ ይወስናል። ሕመም የራሱ ህልውና ያለው ኃይል ከሆነ፣ የሚቀረው እሱን ማባረር ብቻ ነው። የተመጣጠነው መዛባት ከሆነ ግን ሸክሙን ማቅለል ራሱ ፈውስ ነው፤ እውነታውም ይህን ይመስላል። ከ9,000 በላይ የግፊት ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ላይፍ የተባለው ሙከራ፣ ሎሳርታን የተባለውን የግፊት መድኃኒት የወሰዱት ሰዎች የልብ ውፍረት፣ አቴኖሎል የተባለውን ሌላ የግፊት መድኃኒት ከወሰዱት ይበልጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። የጠበበ ቫልቭ ሲቀየርም ጡንቻው በወራትና በዓመታት ውስጥ ይቀንሳል፤ ጠባሳው ግን ቶሎ አይለቅም። ለዚህም ነው የግፊት ሕመምተኛን «እምነት ካለህ ኪኒኑን ተው» የሚለው ምክር በእምነት ስም መነገሩ የሚያሳዝነኝ። ጸበሉንም ጸሎቱንም ይያዝ፤ ኪኒኑን ግን አንድ ቀን እንኳ አያቋርጥ።