የሩቅ እንግዳና የቅርብ ጎረቤት

ንግድና መንግሥት የሰውን ልብ ያሰፋሉ ይባላል። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ለመመርመር ወደ ጣና ዳርቻ ብንመለከት መልካም ምስክር እናገኛለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ስለ ነበረች፣ ከምጥዋና ከስናር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ወደርሷ ይጎርፍ ነበር። ጨርቅ ይገባል፤ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። ከዕቃውና ከእንግዳው ጋራ አሳብም ይገባ ነበር። በ1591 በሮማ በዐረብኛ የታተመው ባለሥዕል ወንጌል ለዘመኑ ሠዓልያን አርአያ ሆኗቸዋል። አስቀድሞም ተአምረ ማርያም ከአውሮፓ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ተመልሷል። አባቶቻችን ከውጭ የመጣውን ሳይንቁ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት።

ይሁን እንጂ በ1668 በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ገበያ ያገናኛቸውን ዐዋጅ ለያቸው። በዚያው በሲራራው መንገድ ባሪያ ተብሎ የተሸጠ ሰውም ይነዳ ነበር፤ ለርሱ መንገዱ ዓለምን የሚያይበት ሳይሆን አገሩን የሚያጣበት ነበር።

በሐይቁ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ሰውንና እህልን ከደሴት ደሴት ያመላለሰውን የደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁት ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ ይበላሉ በመባላቸው ግን ጎረቤቶቻቸው ማዕድ አይካፈሏቸውም ነበር። በሮማ የታተመው ሥዕል አርአያ ሆኖ እስከ ቤተ መቅደስ ሲገባ፣ ታንኳውን የሠራው ሰው ከጎረቤቱ ገበታ አልደረሰም።

እንግዲህ ንግድና መንግሥት ሰውን ከሰው ማቀራረባቸውን አንክድም፤ ያለ እነርሱ መተዋወቁም ባልተገኘ ነበር። ነገር ግን መቀራረብ ሌላ፣ መከባበር ሌላ ነው። መንገድ የመጀመሪያውን ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሕሊና ሥራ ነው። የሩቁን እንግዳ ማክበር አይከብድም፤ ነገ ይሄዳልና። ጎረቤት ግን ነገም አብሮን ያድራል፤ ከመሬቱም ከማዕዱም ከፍርዱም ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ አስተማሪው በክፍሉ፣ ሹሙም በጽሕፈት ቤቱ የልቡን ስፋት ሊመዝን ቢወድ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን እንዴት እንደ ተቀበለ ከመቍጠሩ በፊት አጠገቡ ያለውን ባለጉዳይ እንዴት እንዳስተናገደ ይመርምር።