አሥር ሳንቲም ላይ ያለው አጋዘን

ክርክሩ የተነሳው ላፍቶ ቁርጥ ቤት ቁጭ ብለን ነው። ጓደኛዬ የአስጎብኚ ሾፌር ነው፤ የውጭ አዳኝ አርሲ፣ ሙኔሳ ጫካ አድርሶ መመለሱ ነበር። «የደጋ አጋዘን ጣለ፤ ያረጀ ወንድ፣ በፈቃድ» አለኝ። ተቆጣሁ። አፌ ውስጥ ጥሬ ሥጋ እያለ።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። 1969 የተቀረጸበት አሥር ሳንቲም ላይ ያለው እሱ ነው። ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ የተመዘገበ እንስሳ ነው። ታዲያ መግደሉ እንዴት ጥበቃ ይባላል?

መልሱ ሒሳብ ነው። መንግሥት በኮታ ጥቂት ወንዶች ብቻ ያስገድላል፣ በዶላር ያስከፍላል፣ ሴቶቹ አይነኩም። ገንዘብ የሚያመጣ ጫካ ለከሰልና ለእርሻ ቶሎ አይመነጠርም ነው ነገሩ። እውነቱን ለመናገር ይህን ማፍረስ አቃተኝ። እኔ የበላሁት በሬ አንድም ጫካ አላተረፈም።

ያልዋጥኩት ሌላ ነው። አጋዘን ከጫካ ወጥቶ ገብስ ይበላል። ገበሬው ማሳው ላይ ቢገድለው ወንጀለኛ ነው፤ ፈረንጁ ሲገድለው ቱሪዝም። ሞቱ ያው ሞት ነው፤ ልዩነቱ ደረሰኝ።

«ደረሰኝ ቀላል ነገር መሰለህ?» አለኝ። «ሁሉም ቢተኩስ አንድ አይተርፍም።»

ልክ ነው። ግን ከዚያ ዶላር ለተበላው ገብስ ስንት ደረሰ?

እሱ የሚያውቀው መንገዱን ነው። ቀንዱን አዳኙ እንደወሰደ፣ ሥጋውን ለመንደሩ ሰዎች እንዳካፈሉ ብቻ ነገረኝ። ከዚያ ሌላ ግማሽ ኪሎ አዘዝን።