የልጁን ጉዳይ ማን ይፍረድ?

ደግ ሐሳብ ብቻውን ሥራችንን ትክክል ያደርገዋል? ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «አያደርግም» እንላለን። ጉዳዩ የተቸገረ ሕፃን ሲሆን ግን መልሳችን ይላላል። ልጅ ተርቦ እያየን «ለመሆኑ ወስኚው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ይመስለናል። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ታሪክ ግን ይህ ጥያቄ ራሱ የፍቅር ክፍል መሆኑን ያሳየናል።

በልማድ «ቀይ ሕንዶች» ሲባሉ የኖሩት እነዚህ ሕዝቦች ልጆቻቸውን ያጡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በፔንሲልቬንያ የተከፈተው የካርላይል ትምህርት ቤት በጣም የታወቀው ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት የሚያስተዳድሯቸውም ነበሩ። ልጆቹ ጸጉራቸው ተቆረጠ፤ ስማቸው ተለወጠ፤ በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ ተቀጡ። ይህን ካደረጉት መካከል ወንጌልን እናገለግላለን ብለው ከልባቸው የሚያምኑ ሰዎች ነበሩ። እኛም በዚያው ስም የምንጠራ ነንና ይህን አይተን ማለፍ አይገባንም።

ሁለተኛው መንገድ ማደጎና ጉዲፈቻ ነው። በ1969 እና በ1974 የተደረጉ ጥናቶች ከነባር ሕዝቦች ልጆች ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ከቤተሰባቸው ተለይተው እንደ ነበር አመለከቱ። በእርግጥ የተጎዱ ልጆች ነበሩ። ብዙ ጊዜ ግን የመንግሥት ሠራተኛው ቤቱ ድኻ መሆኑን ያያል፤ ልጁን ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ዘንድ ያገኘዋል፤ ከዚያም «ወላጆቹ ችላ ብለውታል» ብሎ ይጽፋል። አያት ያሳደገችው አንባቢ ይህን ፍርድ ምን ይለዋል? ሠራተኛው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቤተሰብ ማለት አባት፣ እናትና ልጅ ብቻ ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ፊቱ ያለውን ቤተሰብ ሊያየው አልቻለም።

ስለዚህ በ1978 የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በጎሳው በተከለለ መሬት የሚኖር ልጅ ጉዳይ በጎሳው ፍርድ ቤት ይታያል፤ ከዚያ ውጭ የሚኖር ከሆነም ወላጅ ወይም ጎሳው ጉዳዩ እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል። በ2023 ይህ ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈትኖ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ጸና።

«ታዲያ ደም ከፍቅር ይበልጣል ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። አንድ ጉዳይ እንመልከት። በ1985 መጨረሻ ከሚሲሲፒ ቾክታው ጎሳ የሆኑ ወላጆች መንታ ወለዱ። ልጆቹን ለጉዲፈቻ ሊሰጡ ፈልገው ስለ ነበር እናቲቱ የወለደችው ከጎሳው መሬት 200 ማይል ያህል ርቃ ነው። የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤትም ልጆቹን የጎሳው አባል ላልሆኑ ባልና ሚስት ሰጠ። ጎሳው ተከራከረ። በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት የነበረበት የጎሳው ፍርድ ቤት ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ ከሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

የጎሳው ፍርድ ቤት ምን ፈረደ? ልጆቹን ከለመዷት አሳዳጊ እናታቸው አልነጠላቸውም። ከእርሷ ጋር እንዲኖሩ፣ ነገር ግን ከዘመዶቻቸውና ከጎሳቸው ጋር እንዳይቆራረጡ አደረገ። እንግዲህ ክርክሩ ልጆቹ የት ይደሩ ብቻ አልነበረም። ለልጆቹ የሚሻለውን የሚመዝነው ማን ነው የሚልም ነበር። ፍርዱ በራሳቸው ወገን እጅ ሲገባ፣ ያ ወገን መራራት አላቃተውም።

ይሁን እንጂ ሥልጣን ማግኘት ብቻውን ፍርድ ቤት አይሆንም። የተጻፈ ሕግ፣ የሠለጠነ ዳኛ፣ ምስጢር የሚጠብቅ ጸሐፊ፣ በጀት፣ ይግባኝ የሚሰማ አካል ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት ደጃፋቸው ሲንኳኳ ልጅ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ያስፈልጉታል። ሌላም ፈተና አለ። ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ዳኛው የተከሳሹ አጎት ሊሆን ይችላል፤ «የቤታችንን ገመና አናውጣ» የሚል ዝምታም ልጁን ሊጎዳው ይችላል። የራስ ወገን መሆን ከአድልዎ አያድንም። ዮቶር ሙሴን ከሕዝቡ መካከል ፈራጆችን እንዲመርጥ ሲመክረው፣ ከሕዝቡ መሆናቸውን ብቻ አልጠየቀም፤ እግዚአብሔርን የሚፈሩና ጉቦን የሚጠሉ እንዲሆኑም ጠየቀ። ዘመዱን ከፍርድ ወንበሩ የሚነሣለት ዳኛ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የወንድሙን ልጅ ከወንድሙ ቤት የሚያወጣ ጎሳ፣ ያ ነው ፍርድ ቤት የሠራ።

ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 ልጆች በጉዲፈቻ ለውጭ ዜጎች እንዳይሰጡ በሕግ ከልክላለች። መከልከል ግን ግማሹ ሥራ ነው። «ልጁ የእኛ ነው» ያለ ሕዝብ ልጁን ሊያበላውም፣ ሊጠብቀውም፣ ስለ እርሱ ሊጠየቅም ይገባል።

ወጣቶች ሆይ፣ ነገ ከእናንተ አንዳንዱ የሕግ ባለሙያ፣ አንዳንዱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ አንዳንዱ የሕፃናት አገልጋይ ይሆናል። ልጅን ለማንሣት እጃችሁን ስትዘረጉ የሚያውቁትን ሰዎች ጠይቁ፤ አያቱን ስሙ። ልጁ በእናንተው ወገን እጅ ሲጎዳ ስታዩ ደግሞ ስለ ወገን ብላችሁ ዝም አትበሉ።