ዱቤ የሚሰጣችሁ ማን ነው?

ልጆቼ፣ ሥራ ፈጠራን ከመጽሐፍና ከፖድካስት መማራችሁን አልጠላም። የምጠላው ትምህርቱ ጆሮ ላይ መቅረቱን ነው። በታክሲውም በካፌውም ማዳመጫ ሰክታችሁ አሜሪካዊው ከበርቴ ኩባንያውን ከጋራዥ እንዴት እንደጀመረ ትሰማላችሁ፤ ስለ ካፒታልና ስለ ገበያ ጥናት ወሬ ሲነሣ የሚወዳደራችሁ የለም። በሰፈራችሁ አንድ ኩንታል ጤፍ በጅምላ ስንት እንደሚገባ፣ ባለሱቁ ከአንድ ሊትር ዘይት ምን ያህል እንደሚተርፈው ብትጠየቁ ግን መልስ የላችሁም። ከሁሉ የሚያስከፋኝ ደግሞ ይህን ለማወቅ ነጋዴ ዘንድ ገብቶ መሥራትን እንደ ውርደት መቁጠራችሁ ነው።

እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት ለሌላ ገበያ ነው። በአሜሪካ ገና ትርፍ ባላሳየ ሐሳብ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብት አለ። እዚህ አብዛኛው ባንክ ከሐሳባችሁ አስቀድሞ የሚጠይቀው መያዣ ነው። ቤትም መኪናም የሌለው ወጣት መነሻ በአብዛኛው የሚያገኘው ከዘመድ፣ ከዕቁብ ወይም ከዱቤ ነው፤ ሦስቱም የሚቆሙት በመታመን ላይ ነው። የዕቁብ ዳኛ ዕጣ ለወጣለት ብሩን የሚያስረክበው ዋስ ሲያቀርብ ነው፤ ዋስ የሚሆነው ደግሞ የሚያውቀው ሰው ነው። አከፋፋዩም «ሸጠህ ትከፍላለህ» ብሎ ዕቃውን የሚለቀው ጠባዩን አይቶ ለመዘነው ነው። ይህን መታመን አዳምጦ ያገኘ ሰው የለም።

የመርካቶን ነጋዴዎች አነሣሥ ተመልከቱ። ከጉራጌና ከስልጤ አገር የመጡ ብዙ ልጆች አንዳንዱ በሊስትሮነት፣ አንዳንዱ በዘመድ ሱቅ በተላላኪነት ነው የጀመሩት። ልጁ ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ ጣቃ ያወርዳል። ይህን ሲያደርግ ዓይኑ ሥራ አይፈታም፤ ባለሱቁ ጨርቁን በጣቱ አሽቶ ጥራቱን ሲለይ፣ የመጨረሻ ዋጋውን ለየትኛው ደንበኛ መቼ እንደሚናገር፣ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ዱቤ ሲጠይቅ ለማን እንደሚፈቅድና ማንን በለዘበ አንደበት እንደሚመልስ ያያል። ዓመታት ሲያልፉ ባለሱቁ ጥቂት ጣቃ በዱቤ ሰጥቶ «በል ራስህን ቻል» ይለዋል። በመካከላቸው ፊደል ያልቆጠሩም ነበሩ፤ በሒሳብ ግን ሳንቲም አትጠፋባቸውም ነበር። ያንን ትውልድ ሳስብ ልቤ ይራራል፣ ድካሙ ከባድ ነበርና። በሱቅ ወለል ላይ እየተኙ አድገው ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። የእነሱ የልጅ ልጅ መጥረጊያ ለመያዝ ሲያፍር ማየት ግን ያንገበግበኛል።

ነጋዴው ሙያውን ይደብቃል፣ ጉልበታችንንም ይበላል ትላላችሁ። እንዲህ ያለ አለ፤ እሱን ሽሹት፣ ደሞዛችሁንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መጽሐፉ ዓይናችንን ከፍቶልናል ትላላችሁ። እሱም እውነት ነው። ኤሪክ ሪስ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ዘ ሊን ስታርትአፕ» ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፍሬ ነገሩ ትንሽ ሠርታችሁ ለደንበኛ አሳዩ፣ ከምላሹም ተማሩ የሚል ነው። ደጋግሞ አዳምጦት አንድ ደንበኛ ያላነጋገረ ሰው መጽሐፉን አልተማረውም። ፖድካስቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋብዘው የተሳካለትን ነው፤ በዚያው መንገድ ሄደው የከሰሩት ማይክሮፎን አይደርሳቸውም። ሱቅ ውስጥ የዋለ ልጅ ግን ጎረቤቱ ለምን እንደዘጋ፣ የማን ዱቤ እንደቀረበት፣ የትኛው ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንደተበላሸ በዓይኑ ያያል። ከሳሪውን ሳያዩ ንግድን ተማርሁ ማለት አይቻልም።

ምሳሌ ከቅርባችሁ ውሰዱ፤ ቤተልሔም ጥላሁን ዓለሙ በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ኩባንያ ስትመሠርት የተነሣችው ከጎማ ከሚሠራው በረባሶና ከሰፈሯ ሰዎች የእጅ ሙያ ነው፤ ጫማው ባሕር ተሻግሮ ተሸጧል። ካነበባችሁ አይቀር የአገራችሁንም ሕግ አንብቡ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

ዝቅ ብሎ መሥራትን መናቅ ከእምነታችንም ጋር አይገጥምም። ጌታችን በናዝሬት በጠራቢነት ታውቋል፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ወንጌል እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ነቢያቸው በወጣትነታቸው የኸዲጃን ንግድ ይዘው እንደተጓዙ ያውቃሉ። እናንተ ከእነዚህ ትበልጣላችሁን? ሐሳባችሁን ብቻ አይቶ የሚያበድር ባንክ እስኪመጣ ብትጠብቁ ታረጃላችሁ፤ ዱቤ የሚሰጣችሁ ዛሬ ሲሠራ ያያችሁ ሰው ነው። በዚህ ክረምት አንድ ነጋዴ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉና «ሥራ ስጠኝ» በሉት። ማዳመጫውንም አውልቃችሁ ግቡ።