የበሉበት ወጪት

ባለፈው ክረምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአሜሪካ መጥታ ቡና ልንጠጣ ተገናኘን። እኔ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኳት በአንደኛ ዓመቷ ነው፤ እሷ ግን ፋርማሲ አጥንታ፣ ዶክትሬቷን ይዛ፣ ዛሬ በአንድ የመድኃኒት ኩባንያ ትሠራለች።

«ምንድነው ሥራሽ?» አልኳት።

«የሕክምና ጉዳዮች ክፍል ነው ጋሼ። ሐኪሞች ስለ መድኃኒታችን ሲጠይቁ ጥናቱ የሚለውን አስረዳለሁ።»

«ትሸጫለሽ ማለት ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሻጮቹ ሌሎች ናቸው።»

«ደሞዝሽንስ ማን ነው የሚከፍለው?»

ሳቀች። «ያው ኩባንያው ነዋ!»

አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ይህ ክፍል ድሮ ከጓዳ ሆኖ የሐኪሞችን ጥያቄ የሚመልስ ነበር። ዛሬ ከምርምርና ከሽያጭ ቀጥሎ የኩባንያው ሦስተኛ ምሰሶ ነው ይሉታል። የትኛው ጥናት እንደሚያስፈልግ ይመክራል፤ ስመ ጥር ከሆኑ ሐኪሞች ጋር ይወያያል። ለምን ቢሉ፣ ሐኪም ሻጭን ይጠረጥራል፤ እንደ ራሱ የተማረውን ግን ያምናል። እምነት ደግሞ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው ነገር ገዢ አያጣም።

ዴቪድ ፍራንክሊን የተባለ አሜሪካዊ የማይክሮባዮሎጂ ዶክተር ይህን በራሱ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የዋርነር-ላምበርት አካል በሆነው በፓርክ-ዴቪስ ተቀጠረ። ሥራው ኩባንያውን ከሐኪሞች ጋር በሳይንስ ማገናኘት ነበር። ኒውሮንቲን የተባለው መድኃኒታቸው እ.ኤ.አ. በ1993 የተፈቀደው ለሚጥል በሽታ፣ ያውም ከሌላ መድኃኒት ጋር ተደርቦ እንዲሰጥ ነው። ፍራንክሊን እንደከሰሰው ግን እሱና ባልደረቦቹ የሚላኩት መድኃኒቱን ላልተፈቀደላቸው ሕመሞች፣ ለባይፖላር፣ ለማይግሬንና ለመሳሰሉት እንዲያስተዋውቁ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ሐኪሙ በራሱ ውሳኔ እንዲህ ሊያዝ ይችላል፤ ኩባንያው ግን ለዚያ ብሎ ማስተዋወቅ አይችልም። ታዲያ ሻጩ የማይደፍረውን «ዶክተሩ» ቢናገረው ማን ይጠረጥራል?

ፍራንክሊን በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። መንግሥትን የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ለመቅጣት በሊንከን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1863 በወጣ ሕግ ተደግፎም ከሰሰ። ስምንት ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዋርነር-ላምበርት ጥፋቱን አምኖ 430 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያን ጊዜ ኩባንያው በፋይዘር ተገዝቶ ነበር።

እኛ ለእንዲህ ያለ ሰው ስም አለን፤ ወጪት ሰባሪ እንለዋለን። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል! ይህን አባባል አልንቀውም። ያበላንን ሁሉ ብንከዳ አብረን መኖር አንችልም። ደግሞም ፍራንክሊን በሕጉ መሠረት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶታልና «እሱም ወጪት ቀየረ እንጂ ምን አደረገ?» የሚል አይጠፋም። ሥራውን ሲለቅ ግን በእጁ የነበረው ክስ ነው፤ ገንዘቡ ይመጣ እንደሆነ ማንም አልነገረውም።

በሰው ከመፍረዴ በፊት የራሴን ልናገር። አንድ ጊዜ ለአንድ ደካማ መጽሐፍ መቅድም ጻፍኩ። አሳታሚው ወዳጄ ነበር፣ ከፍሎኛልም። «መምህር እንዲህ ብሏል» ብለው የገዙ ተማሪዎች ነበሩ። እርግጥ በመጥፎ ልብ ወለድ የሞተ ሰው የለም። የሸጥኩት ዕቃ ግን ያው ነው፤ የተማረ ሰው ቃል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ ወጪቱን የሞላው ማነው? ኩባንያው ገንዘብ አያትምም። ወጡም እንጀራውም ከበሽተኛው ኪስ የወጣ ነው። በኒውሮንቲን ጉዳይ ከከፋዮቹ አንዱ ሜዲኬይድ የሚባለው፣ አሜሪካ ድሆቿን የምታሳክምበት የመንግሥት ገንዘብ ነበር። ታዲያ የበላበትን ወጪት የሰበረው ማን ሆነ? የተናገረው ወይስ እያወቀ ዝም ያለው?

ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች የሕክምናውን ክፍል ከሽያጩ በአጥር ለይተዋል፤ የባለሙያው ጉርሻ ከሽያጩ ልክ ጋር እንዳይያያዝም ይጠነቀቃሉ። ደግ ነው። ግን ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም ያሉት የሚበሉት ከአንድ ማጀት ነው። አጥሩ የማይደርስበት ቦታ ላይ የሚቀረው የሰውየው ሕሊና ብቻ ነው።

ተማሪዬ ልትሄድ ስትል ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ጥያቄዎ አላስተኛ አለኝ። አንድ ቀን ጥናቱ የማይለውን በይ ቢሉኝስ?»

«ልጆች አሉሽ፣ የቤት ዕዳ አለብሽ፤ ከሩቅ ሆኖ መምከር ይቀላል» አልኳት። «ግን ደሞዝሽን ማን ነው የሚከፍለው ብዬሽ አልነበር? መልስሽ ልክ አልነበረም። እስቲ እንደገና አስቢበት።»