ያልደረሰ አደጋ ባለዕዳ

የመኪናውን ፍሬን ሳያስመረምር ረጅም ቁልቁለት የወረደ ሰው በሰላም ከደረሰ በደሉ ምንድን ነው? የተጎዳ ሰው የለም፤ የጠፋ ንብረት የለም፤ የሚከስስም ሆነ ካሣ የሚጠይቅ አይኖርም። በዚያው ቁልቁለት በዚያው ቸልተኝነት የወረደ ሌላ ሰው ግን መንገድ የሚሻገር ልጅ ገጭቶ ቢገድል፣ ፍርድ ቤቱም፣ ጎረቤቱም፣ የገዛ ሕሊናውም ጥፋተኛ ይለዋል። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት፣ ይበልጥ በትክክል ለመናገር ማድረግ ሲገባቸው የተዉት፣ አንድ ነገር ሆኖ ሳለ አንደኛው ወደ ቤቱ ሌላው ወደ እስር ቤት የሚሄድበት ምክንያት የሥነ ምግባር ፍልስፍናን ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው፤ የሃይማኖት ሊቃውንትም በሌላ ስም፣ ማለትም የሰው ጥንቃቄ ከፈጣሪ ጥበቃ ጋር ያለው ዝምድና ምንድን ነው ብለው፣ ደጋግመው ተመራምረውበታል።

ጥያቄው በአርሲ ደጋ ከየትም ይልቅ ይከብዳል። ጢቾ ከአሰላ በስተምሥራቅ፣ ከጭላሎና ከበዳ ተራሮች ማዶ የምትገኝና በቀድሞው አስተዳደር ከሦስቱ የአርሲ አውራጃዎች ለአንደኛው ስሟን የሰጠች የደጋ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ የሚመረተው ገብስና ስንዴ ወደ ትልልቅ ገበያዎች የሚደርሰው ሽቅብና ቁልቁል በሚፈራረቅበት መንገድ ላይ በመኪና ተጭኖ ነው። አሰላ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ከደጋው እህል ጭኖ አዳማ የሚገባ መኪና፣ በመንገዱ ላይ ያለው ሽቅብ ሳይቆጠር፣ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ከነጭነቱ ይወርዳል፤ በዚህ ቁልቁለት የሚያገኘው ጉልበት ደግሞ የሆነ ቦታ በሙቀት መልክ መውጣት አለበት። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ኃይል እየያዘ ከወረደ የሙቀቱ አንድ ክፍል ከሞተሩ ይወጣል፤ እግሩን ከፍሬን ሳያነሣ ከወረደ ግን ሁሉም በፍሬን ሸራውና ሸራው በሚታከከው ብረት ላይ ያርፋል።

በአነስተኛ መኪኖች ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የእግሩን ጉልበት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፤ ፍሬን የሚይዘውም በዚህ ጠባዩ ነው። ይሁን እንጂ በብዛት የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ሲገባበት ይህ ገደብ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሲረዝምና ሙቀቱ እዚህ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ ፈሳሹ ሳይሆን ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲለወጥ የሚያሳስቡት ለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ትልቁ ችግር ጉድለቱ የማይታይ መሆኑ ነው፤ የዘይት መያዣው ሙሉ ነው፣ ከተማ ውስጥ ፍሬኑ ይይዛል፣ መኪናው ድምፅ አያሰማም፤ እርጅናው የሚገለጠው ማስተካከያ ጊዜ በሌለበት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይቻላል። ፔዳሉ ወለል ሲነካ ሾፌሩ ከልቡ ማቆም ይፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ፈቃዱ ንጹሕ ነው፣ ነገር ግን ፈቃዱ የሚሠራበት ነገር የለም። ጥፋት ካለ ያለው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት፣ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ በነበረባቸው ተራ ቀናት ነው። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሦስተኛ መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን ነገር ሲመረምር፣ ድንጋይ የወረወረ ሰው ድንጋዩን ከአየር ላይ መመለስ ባይችልም መወርወሩ በእጁ ስለነበር ተጠያቂነቱ እንደማይቀር፣ ሊያውቀው ይችል የነበረውን ነገር በቸልታ ሳያውቅ የቀረም በአለማወቁ እንደሚወቀስ ያስረዳል።

የሃያኛው መቶ ዘመን ፈላስፎች ወደ ጥያቄው በሌላ በር ገብተዋል። እንግሊዛዊው በርናርድ ዊልያምስና አሜሪካዊው ቶማስ ኔግል በ1976 እ.ኤ.አ. «የሞራል ዕድል» በሚል ስያሜ፣ ማለትም ሰው ከቁጥጥሩ ውጪ በሆነ አጋጣሚ ምክንያት መመስገኑ ወይም መወቀሱ ተገቢ ነው ወይ በሚለው ላይ፣ ጽሑፍ ሲያቀርቡ ሁለቱም ልጅ የገጨ ሾፌርን በምሳሌነት አንሥተዋል፤ በኔግል ምሳሌ ሾፌሩ ፍሬኑን በቅርቡ ያላስመረመረ ሰው ነው። እንደ ኔግል አባባል ልጁ መንገድ ላይ ባይገኝ ኖሮ ሾፌሩ ራሱን የሚወቅስበት ነገር ትንሽ ይሆን ነበር፤ ልጁ መገኘት አለመገኘቱ ግን በሾፌሩ እጅ አልነበረም። ይህ አስተያየት አማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ካስተማረው፣ ማለትም የመልካም ፈቃድ ዋጋ በውጤቱ አይጨምርም አይቀንስም ከሚለው ትምህርት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፤ ኔግልም ግጭቱን ሳይፈታው አልፎታል።

ግጭቱ የሚከርረው ጥፋትና ዕዳ እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ነው። ጥፋት ሰው ማድረግ የሚገባውን ባለማድረጉ የሚያተርፈው የራሱ መጉደል ነው፤ ዕዳ ግን በዚያ መጉደል ምክንያት ለሌላ ሰው መመለስ ያለበት ነገር ነው። ሁለቱ ሾፌሮች በጥፋት እኩል ናቸው፤ በዕዳ ግን እኩል አይደሉም፣ ሊሆኑም አይችሉም፤ የሟች እናት የምትጠይቀው ካንዱ ብቻ ነውና። በሰላም የደረሰው ሰው በዕድሉ ያመለጠው ከዕዳው እንጂ ከጥፋቱ አይደለም። በተግባር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም አብዛኛው ባለመኪና መኪናው ደህና መሆኑን የሚያረጋግጠው እስካሁን ምንም ባለመድረሱ ነው፤ እያንዳንዱ በሰላም የተጠናቀቀ ጉዞም ለሚቀጥለው ቸልታ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

እዚህ ላይ የሃይማኖቱ ጥያቄ ይገባል። በአርሲ መንገዶች የእመቤታችንን ሥዕል ከመስተዋቱ በላይ የሰቀለ ሾፌርም፣ «ማሻ አላህ» የሚል ጽሑፍ የለጠፈ ሾፌርም ይመላለሳሉ፤ ሁለቱም ሕይወታቸው በፈጣሪ እጅ መሆኑን ይመሰክራሉ፣ ምስክርነታቸውም የሚከበር ነው። ችግር የሚመጣው ከዚህ እምነት «ቀኑ ካልደረሰ አይሞትም፣ ከደረሰም ፍሬን አያድነውም» የሚል ድምዳሜ ሲወጣ ነው። በእስልምና ትምህርት ተወኩል የሚባለው፣ በአላህ ላይ መመካት ማለት ነው፣ ከዚህ ድምዳሜ ጋር አይስማማም። በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው ታላቁ ሊቅ አል ገዛሊ ስለ ተወኩል ሲጽፍ፣ ሰው የሚጠቀምባቸውን መንሥኤዎች ውጤታቸው በልማድ የተረጋገጠ፣ ውጤታቸው በብዛት የሚጠበቅና ውጤታቸው በግምት ላይ ብቻ የቆመ ብሎ በሦስት ይከፍላቸዋል፤ የመጀመሪያውን ዓይነት መተው፣ ምግብ ቀርቦለት እጁን እንደማይዘረጋ ሰው መሆን፣ መመካት ሳይሆን አላህ የዘረጋውን ሥርዓት አለማወቅ ነው ይላል። የረጠበ ዘይት በሙቀት መፍላቱ የዚህ የመጀመሪያ ዓይነት መሆኑ አያጠያይቅም። ኸሊፋው ዑመርም ወደ ሻም፣ ማለትም ወደ ሶርያ ምድር፣ ሲጓዙ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ሲመለሱ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነው ወይ ተብለው ተጠይቀው፣ መሸሹም ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሆኑን ማስረዳታቸው ይተረካል፤ ውሳኔው መጠንቀቅንም የሚያቅፍ ከሆነ ጋራዥ መግባትም ከውሳኔው ውጪ አይሆንም።

በክርስትናው በኩል ማስረጃው አጭርና ጽኑ ነው። ክርስቶስ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲባል፣ የተጠቀሰለት የጥበቃ ተስፋ እውነተኛ ሆኖ ሳለ እምቢ ያለው፣ ተስፋውን መፈተኛ ማድረግ ፈጣሪን መፈታተን ስለሆነ ነው። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ዳር መከታ እንዲያበጅ ሲያዝ፣ ማንም ከመውደቁ በፊት ገና በግንባታው ጊዜ ያዛል። ከሁሉም ይልቅ ለመኪና የሚቀርበው ግን ኦሪት ዘጸአት ስለሚዋጋ በሬ የደነገገው ነው፤ በሬው ከዚህ በፊት ተዋጊ ካልነበረ ባለቤቱ በሰው ሞት አይጠየቅም፤ ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱም በሞቱ ይጠየቃል። የሕጉ ሚዛን ያረፈው በሬው ባደረገው ላይ ሳይሆን ባለቤቱ አስቀድሞ ባወቀው ላይ ነው።

ዛሬ በመኪና ዓለም ዕውቀቱና ሥልጣኑ አንድ ሰው ዘንድ አለመገኘታቸው ነገሩን ያወሳስበዋል። በደጋው የሚሠሩት የጭነትና የሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ብዙዎቹን የሚነዷቸው ባለቤቶቻቸው አይደሉም፤ ባለቤቱ ገቢ ይቀበላል፣ ሾፌሩ ይነዳል፣ ረዳቱ ጭነቱንና ጎማውን ያያል። ፔዳሉ ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ዝቅ ማለቱን በእግሩ የሚያውቀው ሾፌሩ ነው፤ ዘይቱን ለማስለወጥ ገንዘብ የሚያወጣውና መኪናው ከሥራ ውጪ የሚውልበትን ቀን የሚፈቅደው ግን ባለቤቱ ነው። ሾፌሩ ከተናገረ ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ካልተናገረ ሕይወትም ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም ከባዱ በደል ብዙ ጊዜ ያለው በፍሬኑ ውስጥ ሳይሆን ጉድለቱን የሚናገረውን ሾፌር እንደ ሰነፍ ወይም እንደ ፈሪ በሚቆጥር ባለቤት ዘንድ ነው፤ እንዲህ ያለው ባለቤት በሬው ተዋጊ መሆኑ እንዳይነገረው ጆሮውን የደፈነ ሰው ስለሆነ፣ አላውቅም ነበር የሚለው መልሱ ራሱ የጥፋቱ ክፍል ነው። በእርግጥ የመለዋወጫ ዋጋ ውድነት ለብዙ ባለመኪና እውነተኛ ሸክም ነው፤ ነገር ግን የፍሬን ዘይት ከመኪናው ወጪዎች ሁሉ ትንሹ ከሚባሉት ወገን ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ይህን ክፍተት በራሱ መንገድ ዘግቶታል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው፤ በአንቀጽ 2086 ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም ብሎ ማስረዳቱ ነጻ አያወጣውም። ሕጉ እዚህ ላይ ዕዳን ከጥፋት ለይቶታል ማለት ነው፤ ጥፋት የሌለበትም ሰው ባለዕዳ ይሆናል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው ሥርዓት፣ ይኸውም የሰው ሕይወት ሲጠፋ ሽማግሌዎች የሁለቱን ወገኖች ቂም የሚያበርዱበትና ካሣ የሚያስከፍሉበት ደንብ፣ ሆን ተብሎ የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን ሳይታሰብ የደረሰውንም ሞት ያያል፤ ካሣውንም ጎሣው ይካፈለዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ ጥገናን የሚያሳልፍ ሰው አደጋ ላይ የሚጥለው መንገደኛውን ብቻ አይደለም፤ ከብት የሚያወጡለትን፣ ሽማግሌ ፊት የሚቀመጡለትን ዘመዶቹን ሳያማክር ዋስ እያደረጋቸው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ከገንዘቡ ሸክም የተወሰነውን ያነሣል፤ ጥፋቱን ግን አይነካውም። የዓመቱ ምርመራና ቦሎ የሚመሰክሩትም መኪናው በዚያ ቀን ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው።

በሰላም ደርሶ ጥፋቱን ያወቀ ሰው እንግዲህ ምን ያደርጋል? ክርስቲያኑ ንስሐ፣ ሙስሊሙ ተውባ የሚሉት ነገር በሁለቱም ዘንድ ጸጸትን፣ ጥፋቱን ማቆምንና ዳግመኛ ላለመመለስ መቁረጥን ይጠይቃል፤ የሰው ሐቅ ከተነካ ደግሞ መመለስን ይጨምራል። እዚህ ግን የተጎዳ ሰው ስለሌለ የሚመለስለት የለም፤ ይቅርታ የሚጠየቀውም በዚያ ቀን መንገድ ያቋረጠውና አደጋው አጠገቡ ማለፉን ፈጽሞ የማያውቀው እግረኛ በመሆኑ ሊገኝ አይችልም። በእጅ ሊሠራ የሚችለው ማቆም የሚባለው ክፍል ብቻ ነው፣ እሱም ዘይቱን ማስለወጥ፣ ሸራውን ማስፈተሽ፣ ሾፌሩን መስማት ነው። መኪናውን ሸጦ መገላገል በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በእስልምና ዐይብ የሚባለውን፣ ማለትም የዕቃን ጉድለት፣ ለገዢ ሳይገልጹ መሸጥ አይፈቀድም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርጋል። ጉድለቱን ደብቆ የሚሸጥ ሰው ግን ከዋጋ ማጭበርበር የባሰ ነገር ያደርጋል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ቢያንስ አንድ ሰው፣ እሱ ራሱ፣ ያ ፍሬን ቁልቁለት እንደማይችል ያውቅ ነበር፤ ሊብሬው ተዛውሮ መኪናው ወደ ጢቾ ሲወጣ ግን ጉድለቱን የሚያውቅ ሰው በመኪናው ውስጥ አይኖርም።